መቀመጥ ያልቻለው ግንብ

ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

አልሰማሁም። ጆሮዬ ደክሟል። ተረት ተረት!

«የመሰረት!!»

እንደሱ ነው። በሉ ሰብሰብ በሉ። አትቁነጥነጡ። በዚህ ተረት ውስጥ የሚቁነጠነጥ በቂ አለ፤ እናንተ አትጨምሩበት።

በድሮ ጊዜ ነገሥታት ቤት አልነበራቸውም። ድንኳን ነበራቸው። በጋ ሲሆን ነቅለው ይሄዳሉ። ክረምት ሲገባ አንድ ሜዳ ላይ ይተክላሉ። ሣሩ ሲያልቅ ደግሞ ይነቅላሉ። እንጨቱ ሲያልቅ ደግሞ ይነቅላሉ። አገሩ ጠዋት ሲነሣ «ንጉሡ ዛሬ የት አደሩ?» ብሎ ነበር የሚጠያየቀው።

ታዲያ ሽብሩ የሚባል ንጉሥ ነበር። ድንኳን ውስጥ ተወለደ። ድንኳን ውስጥ ነገሠ። ይህ ንጉሥ መቀመጥ አይችልም። ቆሞ ይበላል። እየሄደ ይፈርዳል። ከሳሽና ተከሳሽ ከኋላ ከኋላው ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደከመው ይረታል። በቅሎ ላይ ሲወጣ መውረድ ያምረዋል። ሲወርድ መውጣት ያምረዋል። ዙፋኑ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ግን አዲስ ነው። ማን ተቀምጦበት ያርጅ?

አንድ ቀን ንጉሡ «ድንኳን ሰለቸኝ» አለ። «ግንብ ሥሩልኝ። በግንቡ ዙሪያ ወፍራም ቅጥር ይኑር። ቅጥሩ ሰባት በር ይኑረው። ቶሎ!»

ግንበኛ ተፈለገ። ደምሌ የሚባል ሰው ተገኘ። ደምሌ እጁ የተመሰከረለት ነው። እሱ በካባቸው ድንጋዮች መሀል ምላጭ አይገባም። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። ውሃ ትቀዳለች። ኖራው የሚቦካበትን ውሃ ከወንዝ በእንስራ አዝላ የምታመጣው እሷ ነች። ልጅ የላቸውም። እሱ ያለው እሷን ነው። እሷ ያላት እሱን ነው።

ኖራ ታውቃላችሁ? ድንጋይ ነው። እቶን ውስጥ ይከቱትና በወይራ እንጨት ሰባት ቀን ያነዱታል። ሲበርድ ይነጣል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ውሃ ያፈሱበታል። ያን ጊዜ እንዳትጠጉት! ከሥሩ እሳት ሳይኖር ይፈላል። ያጉረመርማል። ይጨሳል። ሲበርድለት ሣር ያለብሱታል፣ አፈር ያለብሱታል። ከዚያ ይተዉታል። አንድ ክረምት ሙሉ ይተኛል። ተኝቶ ሲነሣ ከእርጎ ይለሰልሳል። ድንጋይን ከድንጋይ የሚያስታርቀው ያን ጊዜ ነው።

ደምሌ ይህን ለንጉሡ ነገረ።

«ጃንሆይ፣ ኖራው አንድ ክረምት ይረፍ።»

«አንድ ክረምት! አንድ ወር ይበቃዋል።»

ይህ ጠዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ ንጉሡ ተመልሶ መጣ። «አንድ ወር ብዬ ነበር? በዛ። አንድ ሳምንት።»

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ደግሞ መጣ። «ሦስት ቀን!»

ደምሌ ኩታውን አደግድጎ ቆመ። «ጃንሆይ፣ ኖራ እንደ ጠላ ነው። ሳይደርስ ከጠጡት ሆድ ይነፋል።»

«የሚነፋው የኔ ሆድ ነው! ሦስት ቀን ብያለሁ።»

ንጉሥ አለ፣ አለ ነው። በሦስተኛው ቀን ኖራው ከጉድጓዱ ወጣ። ገና ይሞቅ ነበር። አንጓች እንስራዋን አወረደችና አየችው።

«ደምሌ፣ ይሄ እኮ አልተኛም» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ደምሌ። አዝኖ ካበ።

ግንቡ ወጣ። እንዴት ያለ ግንብ! ሦስት ደርብ ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ማማ ቆመ። በየማማው አናት ላይ እንደ እንቁላል የሞላ ጉልላት አለ። የግድግዳው ውፍረት ሁለት በሬ ጎን ለጎን ያስተኛል። በፊት ለፊቱ የድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ላይኛው ደርብ ላይ የእንጨት ሰገነት አለ፤ ንጉሡ ለሕዝብ የሚታይበት ነው። ከታች የግብር አዳራሽ፣ ማድ ቤት፣ የበቅሎ ጋጣ። ዙሪያውን ሰባት በር ያለው ቅጥር። አገር ጉድ አለ።

ንጉሡ ገባ። ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ተነሣ።

ግንቡም ተነሣ።

አዎ፣ ተነሣ። አትሳቁ። ዶሮ ከእንቁላሏ ላይ ብድግ እንደምትለው ብድግ አለ። ትንሽ ወደ ግራ ሄደ። ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደ። ማማዎቹ እንደ አንገት ዞሩ። ደረጃው ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ።

በውስጡ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። መኳንንቱ ለግብር ተጠሩ። አዳራሹን ከፍተው ሲገቡ ጋጣ ውስጥ ናቸው። ወጥ ሠሪዋ ወጥ ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። ስትወጣ ማማ አናት ላይ ነች። ንጉሡ ልብሱን አውልቆ ወደ አልጋው ሄደ። አልጋው የለም። ክፍሉ ራሱ የለም።

በመጀመሪያው ቀን ንጉሡ ሳቀ። «ጠላት ቢመጣ አያገኘኝም!» አለ።

በሁለተኛው ቀን እሱም ራሱን አላገኘም።

በሦስተኛው ቀን በቅሎዋን አልጋው ላይ ተኝታ አገኛት። ያን ጊዜ አልሳቀም።

ሰው ሁሉ በመስኮት እየዘለለ ወጣ። ንጉሡም ወጣ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከትልቁ በር ፊት ለፊት፣ እንደገና ድንኳን ተተከለለት።

«ግንበኛው ይጠራ!»

ደምሌ መጣ። መዶሻውንና ቱምቢውን ይዟል። ቱምቢ በክር ጫፍ የታሰረች ድንጋይ ነች። ግንበኛ ክሩን ይይዛል። ድንጋይዋ ትወዛወዝና ትቆማለች። እሷ ስትቆም ግድግዳው ቀጥ ማለቱ ይታያል።

«ግባና አስቀምጠው» አለው ንጉሡ።

ደምሌ ሚስቱን አያት። «ቶሎ እመጣለሁ» አላት። ገባ። በሩ ከኋላው ተነሥቶ ሄደ።

ቀኑ መሸ። አልወጣም። ነጋ። አልወጣም። ከግድግዳው ውስጥ ግን መዶሻው ይሰማል። ቋ። ቋ። ቋ። ሦስት ጊዜ። «አለሁ» ማለቱ ነው።

የግንቡ ሆድ ደግሞ እየተነፋ ሄደ። ቅጥሩን በትከሻው መግፋት ጀመረ። ቅጥሩ ተሰነጠቀ። ከቅጥሩ ባሻገር ከተማው አለ። ጎጆው፣ ሕፃኑ፣ ላሙ እዚያ ነው። ግንቡ ከወጣ ሁሉንም ይረግጣል።

ንጉሡ አዋጅ አስነገረ። «ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ቀን ይታያል። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ሰባቱም በር በድንጋይ ይደፈናል። ቅጥሩ በእጥፍ ይወፍራል። ከዚያ የሚገባ የለም፤ የሚወጣም የለም።»

«ደምሌስ?» አለች አንጓች።

አጋፋሪ ውብነህ የትልቁ በር ጠባቂ ነው። መሬት መሬት አየ። «ስለሱ አልተነገረም፣ እህቴ» አላት።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። በር ሲሠራም ሆነ በር ሲደፈን፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ የሚያኖረው ባለቤቱ ነው። ቆሞ፣ በገዛ እጁ። እሱ ሳያኖር ማንም ድንጋይ አይነካም። ይህቺን ያዙልኝ።

አንጓች ምን ታድርግ? ጋሻ የላት፣ ጦር የላት። እንስራዋን ይዛ ወንዝ ወረደች። ሞላች። አዘለች። ወደ ቅጥሩ ወጣች።

ቅጥሩ ላይ ቁራ ተቀምጧል። አፉን ከፍቷል።

«አንቺ ባለ እንስራ!» አለ ቁራው። «የኖራችሁ ጭስ ጉሮሮዬን ፈጀው። ድሮም ድምፄ አያምር። አንድ ጉንጭ!»

አጠጣችው። ቁራው ላባውን አራገፈ።

«እኔ ግንቡን ከላይ አየዋለሁ» አለ። «እኩለ ቀን ላይ ደረጃው ከሰባቱ በሮች በአንዱ፣ በውሃ በር በኩል ያልፋል። ያን ጊዜ ዝለይ።»

እኩለ ቀን ሆነ። ደረጃው እየተንደረደረ መጣ። አንጓች ዘለለች። ደረጃው ይዟት ወጣ። በር ከፈተች፤ ከበሩ ኋላ በር አለ። ያንን ከፈተች፤ ከኋላው ሌላ በር አለ። ሦስተኛውን ከፈተች። ውጭ ቆማለች፤ አጋፋሪ ውብነህ ፊቷ ነው።

«አንቺ! እንዴት ገባሽ?» አለ አጋፋሪው።

«እንዴት ወጣሽ በለኝ እንጂ» አለች።

ከግድግዳው ውስጥ ተሰማ። ቋ። ቋ። ቋ።

አንድ ቀን አለቀ።

በማግስቱ እንስራዋን ሞልታ መጣች። ከቅጥሩ ድንጋዮች መሀል ሽኮኮ ብቅ አለ። ገባ። ደግሞ ብቅ አለ።

«ውሃ! ውሃ! ውሃ!» አለ ሽኮኮው። «ቤቴ ጋለ! ከትናንት ወዲህ ሦስት ጊዜ ጉድጓድ ቀየርኩ! ልጆቼ አራት ነበሩ፤ አሁን ስቆጥር አምስት ናቸው፤ አምስተኛው የማን እንደሆነ አላውቅም!»

አጠጣችው።

«ስንጥቅ አለ» አለ ሽኮኮው። «ከእንቢልታ በር በስተግራ። ግንቡ ሲገፋ የሱ ስንጥቅና የቅጥሩ ስንጥቅ ይገጥማሉ። ለጥቂት ጊዜ ነው። ሂጂ! ቶሎ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

አንጓች ሮጠች። ግንቡ መጣና ቅጥሩን ገፋ። ስንጥቁ ከስንጥቁ ገጠመ። አፏን አስጠጋች።

«ደምሌ!»

«አንጓቼ!»

ድምፁ ቅርብ ነው። እዚያው ከድንጋዩ ኋላ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ርቦኛል። ትናንት ማድ ቤቱ በአጠገቤ ሲያልፍ አንድ ሽንኩርት ቀማሁት።»

«ለምን አትወጣም?»

«በር ሳገኝ በሩ ይሄዳል። ግድግዳው ይፋጃል። ኖራው አሁንም ይፈላል። ላቃናው ብል ቱምቢው አይቆምልኝም። እዚህ የሚቆም ነገር የለም።»

ሁለት ጣቶች በስንጥቁ ወጡ። በኖራ ነጥተዋል። ክርና ድንጋይ ይዘዋል።

«ቱምቢዬን ያዥልኝ» አለ ደምሌ። «እዚህ አይጠቅመኝም። ምናልባት እኔ ካልወጣሁ…»

«ዝም በል!» አለች። ጣቶቹን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

ግንቡ ዞረ። ጣቶቹ ሄዱ። ቱምቢው እጇ ውስጥ ቀረ።

ቁጭ አለች። ክሩን ይዛ ድንጋይዋን አየቻት። ድንጋይዋ አንድ ጊዜ ተወዛወዘች። ሁለተኛ አልደገመችም፤ ቆመች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንስራ ያዘለ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።

ሁለት ቀን አለቀ።

በሦስተኛው ቀን አንጓች ገና ሲነጋ ተነሣች። እንስራዋን ሞልታ ስትሮጥ መንገድ ላይ ኤሊ አገኘች። ኤሊዋ አልጠየቀችም። አንጓች ግን አንገቷ መድረቁን አየች።

«እማማ፣ ውሃ ልስጥሽ?»

ኤሊዋ አሰበች። ቆየች። «ስጪኝ» አለች።

ጠጣች። አንድ ጉንጭ። ቆየች። ሁለት ጉንጭ። ቆየች። ፀሐይዋ ከፍ አለች። አንጓች እግሯን እያነሣች ትጥላለች።

«እማማ፣ የመጨረሻው ቀን ነው። ባሌ ግንብ ውስጥ ቀረብኝ። ቤት እንዴት ነው የሚቀመጠው? ንገሪኝ።»

«ልጄ» አለች ኤሊዋ። «እኔ ቤት አለኝ። ስሄድ ይሄዳል። ስተኛ ይተኛል።» አረፈች። «የዚያ ግንብ ባለቤት ማነው?»

«ንጉሡ።»

«እሱስ ምን ያደርጋል?»

አንጓች ዞር ብላ አየች። ንጉሡ ድንኳኑ ፊት ይንጎራደዳል። ወደ ግራ ሄደ፤ ከቅጥሩ በላይ አራቱ ማማዎች ወደ ግራ ሄዱ። ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ ማማዎቹ ወደ ቀኝ ተመለሱ። ንጉሡ ራሱን አከከ፤ አንዱ ጉልላት ተነቃነቀ። ንጉሡ በእግሩ መሬቱን መታ፤ በቅጥሩ ውስጥ ምድር ተንቀጠቀጠች።

ለካ ያልተኛ ኖራ የባለቤቱን ጠባይ ይይዛል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ!»

ኤሊዋ «አብሮ ይስጠን» ልትል አፏን ስትከፍት አንጓች ርቃ ሄዳለች።

ወደ ድንኳኑ መጣች። አጋፋሪ ውብነህ «ንጉሡ እዚያ ናቸው» አላት። እዚያ ስትደርስ እዚህ ሄዷል። እዚህ ስትመጣ ወንዝ ዳር ወርዷል። ወንዝ ዳር ስትወርድ በቅሎ ላይ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ አብረዋት ይሮጣሉ።

«አንቺ ደግሞ በምን ተከሰስሽ?» አላት አንዱ እያለከለከ።

«አልተከሰስኩም። ባሌን ልጠይቅ ነው።»

«እኔ በአንዲት ፍየል ነው። ሩጫው ሰባት ዓመት ሆነው። ፍየሏ ሞታለች።»

እንዲህ ሲሉ ፀሐይ ወደ ተራራው ወረደች።

በትልቁ በር ግንበኞች ድንጋይ ከምረዋል። ሕዝቡ ቆሟል። ንጉሡ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣ። ከበደውና አወረደው። ደግሞ አነሣው።

«ጃንሆይ!» አንጓች መሬት ስማ እጅ ነሣች። «በር የሚደፍን ግንበኛ አስቀድሞ ቱምቢ ይይዛል። ባሌ ቢኖር እሱ ይይዝ ነበር። የለም። እንግዲህ ባለቤቱ ይያዙት።»

«አምጪው። ቶሎ!»

«ቆመው አይሆንም፣ ጃንሆይ። ተቀምጠው ነው። ድንጋይዋ ስትቆም ይነሣሉ። እንዲህ ነው።»

ተቀመጠች። ክሩን ያዘች። ድንጋይዋ ተወዛወዘች። ቆመች።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ ንጉሡ።

«ለውሃ ቀጂ ቀላል ነው» አለች አንጓች። «ለንጉሥ ግን እንጃ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ባለ ፍየሉ ሳይሆን አይቀርም። የንጉሡ ፊት በርበሬ መሰለ።

«እኔ ሽብሩ! ጦር ያቆምኩ ሰው ጠጠር ያቅተኛል? ይቺ ድንጋይ ሳትቆም ከዚህ ብነሣ ዘውዴን ልጣ!»

ማለ። አገር ሰማ።

ተቀመጠ። ክሩን ያዘ። ድንጋይዋ ትወዛወዛለች። እሷ ወደ ግራ ስትሄድ ግንቡ ወደ ግራ ያጋድላል። ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ ያጋድላል።

«ቁሚ!» አላት ንጉሡ። ድንጋይ አዋጅ አይሰማ። ባሰባት።

«ቁሚ እኮ ነው የምልሽ!» ክሩን ነቀነቀው። ድንጋይዋ ጉልበቱን መታችው።

ግንበኞቹ ተጨነቁ። «ጃንሆይ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። የመጀመሪያውን ድንጋይ ያኑሩልን።»

ንጉሡ ሊነሣ ሲቃጣ አጋፋሪ ውብነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጃንሆይ… ዘውዱ።»

ንጉሡ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ፀሐይዋ ጠለቀች። የመጀመሪያው ድንጋይ አልተቀመጠም። ሰባቱም በር ክፍት ነው።

ንጉሡ ያን ጊዜ ገባው። አንጓችን ቀና ብሎ አያት። «አሰርሽኝ» አለ።

«እኔ? ጃንሆይን? የያዙት እኮ ክር ነው፤ ገመድ አይደለም።»

ሰው ሁሉ ፈራ። አሁን አንገቷ ይቀላል አለ። ንጉሡ ግን ሊቆጣ ቢፈልግ ተቀምጦ መቆጣት አልለመደም። እጁ ደክሞታል። ክሩ ይንቀጠቀጣል።

አንጓች ጠጋ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጃንሆይ፣ ድንጋይዋን ይተዉአት። እንስራ ያዘለ ሰው ስለ ውሃው አያስብም። እግሩ የረገጠውን መሬት ነው የሚያስበው። ይተንፍሱ።»

ንጉሡ ተነፈሰ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። የተቀመጠበት መሬት ቀዝቃዛ መሆኑ ተሰማው። ሦስተኛ ተነፈሰ።

ያን ጊዜ ሰማ። ቋ። ቋ። ቋ።

«ምንድን ነው?»

«ባሌ ነው፣ ጃንሆይ።»

«አሁን ነው የጀመረው?»

«ከገባ ጀምሮ ነው።»

«አልሰማሁትም እኮ» አለ ንጉሡ።

ዝም አለ። እጁም ዝም አለ። ድንጋይዋ ቆመች።

ግንቡም ቆመ። ከዚያ እንደ ግመል ተንበረከከ፤ በፊቱ፣ ቀጥሎ በኋላው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እንፋሎቱ ከመስኮቱ ሁሉ ወጣ። ሆዱ ጎደለ። ቅጥሩን ለቀቀ። ደረጃው ከኋላ ዞሮ ፊት ለፊት መጣ። በሩ ደረጃው አናት ላይ ተተከለ።

በሩ ተከፈተ። አንድ ነገር ወጣ። ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ነው።

«በስመ አብ!» አለ አጋፋሪ ውብነህ። «ምንድን ነህ?»

«ደምሌ ነኝ። ውሃ።»

አንጓች እንስራዋን አዘነበለች። ጠጣ። ጠጣ። ጠጣ። በኖራው መሀል ሁለት ዓይን ታየ።

«ቶሎ እመጣለሁ አላልክም ነበር?» አለችው። ከዚያ አለቀሰች።

ንጉሡ ጥቂት ቆይቶ «እንግዲህ ልነሣ» አለ። ትንሽ ከፍ አለ። ግንቡ ትንሽ ከፍ አለ። ንጉሡ ደንግጦ ቁጭ አለ። ግንቡም ቁጭ አለ።

«ኖራው ገና ነው፣ ጃንሆይ» አለ ደምሌ። «እርስዎ ከተነሡ ይነሣል።»

«እስከ መቼ?»

ደምሌ ሚስቱን አየ።

«አንድ ክረምት» አለች አንጓች።

ንጉሡ «አንድ ወር» ሊል አፉን ከፈተ። ግንቡን አየ። አፉን ዘጋ።

እንግዲህ ንጉሥ ሽብሩ ያንን ክረምት በሩ ላይ ተቀመጠ። ዳስ ተጣለለት። እዚያው በላ። እዚያው ተኛ። መጀመሪያ እግሩን አሳከከው፣ ጀርባውን አሳከከው፣ አገር የሚጠፋ መሰለው። አገር አልጠፋም። ከሳሽና ተከሳሽ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። የፍየሏ ነገር በአንድ ጠዋት አለቀ። ወጥ ሠሪዋ ወጡን አቀረበችለት። ቀመሰና «ዛሬ ምን ጨመርሽበት?» አላት። «ምንም አልጨመርኩም፣ ጃንሆይ። ዛሬ ተቀምጠው በሉት እንጂ» አለችው።

ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ ንጉሡ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ግንቡ አልተነሣም።

አንጓችና ደምሌ ግን ክረምቱን አልጠበቁም። ደምሌ በወጣበት ማታ ጎጆአቸው ገቡ። ደምሌ ገባ። ወዲያው ወጣ። በሩን ዳሰሰው። ገባ። ደግሞ ወጣ። በሩ እዚያው ነው። ሦስተኛ ሊወጣ ሲል አንጓች ኩታውን ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ በሩ የትም አይሄድም። ቁጭ በልና ብላ» አለችው።

ቁጭ አለ። በላ።

በሉ ልጆች፣ ትምህርቱ ይሄ ነው። የሚቸኩል ሰው ግንብ ይሠራል እንጂ ቤት አይኖረውም። ከግድግዳ ውስጥ የሚጣራ ሰው ደግሞ የሚሰማው አርፎ ለተቀመጠ ነው።

ተረቴን ይዛችሁ ሂዱ፣

ለአፌ አንድ ጭብጥ ቆሎ አውርዱ።